ለሽማግሌ ወንበር ወይስ ተጋጣሚ?

ዛሬ ከዕለቱ ወሬ ፈቀቅ ብለን ስለ ቴኒስ እናውራ። ስለ ጆኮቪችና አልካራዝ አይደለም፤ ስለ አረጋውያን ቴኒስ ነው። "እኛን ምን አገባን?" የምትሉ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ ነገሩ ከየቤታችን በር ላይ የተቀመጠ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

በ2021 ኦክቶበር ወር በስፔኗ ማዮርካ ደሴት የዓለም የአንጋፋ ቴኒስ ተጫዋቾች ሻምፒዮና ተካሄደ። ከተመዘገቡት አንዱ ሊዮኒድ ስታኒስላቭስኪ የሚባሉ የካርኪቭ ከተማ ነዋሪ፣ ዩክሬናዊ ነበሩ። ዕድሜያቸው 97። መሐንዲስ ነበሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሶቪየት የጦር አውሮፕላኖችን በመሥራት ሥራ ላይ ተሰማርተው አገልግለዋል። ራኬት የጨበጡት በ30 ዓመታቸው ነው። የጊነስ መዝገብ የዓለም አንደኛ የዕድሜ ባለጸጋ የቴኒስ ተጫዋች ብሎ መዝግቧቸዋል። በዚያው ጉዟቸው ራፋኤል ናዳልን አገኙት፤ ኳስም ተቀባበሉ። ከፌዴረር ጋር የመጫወት ምኞት እንዳላቸውም በይፋ ተናገሩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጦርነቱ ካርኪቭ ደረሰ። ሰውየው 98 ሊሞላቸው ሳምንታት ቀርተዋቸው ነበር። ልጃቸው ፖላንድ ሆና ወደ እሷ እንዲመጡ ብትለምናቸውም መጀመሪያ እምቢ ብለው ቤታቸው ቀሩ። ለጋዜጠኞች የነገሩት ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ጆሯቸው ደካማ ስለሆነ ሌሊት የቦምቡን ድምፅ አይሰሙም፤ ስለዚህ ይተኛሉ። የሚፈልጉት ደግሞ ከዚህ ክፉ ጊዜ ተርፈው እንደገና ሜዳ መግባት ነው።

የ98 ዓመት ሰው፣ ከተማው እየተደበደበ፣ የሚያስበው ስለሚቀጥለው ግጥሚያ። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ። ከዚያ አባቴ ትዝ አለኝና ሳቄን ተውኩት።

◆ አባቴና ዳማው

አባቴ መምህር ነበር። በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ "እንግዲህ አረፍ በል" አለው። እኛም ልጆቹ በረንዳው ላይ ጥሩ ወንበር አስቀመጥንለት። ሠርግ ሲኖር ይመርቃል፤ ጠብ ሲኖር ለሽምግልና ይጠራል። ክብር አልጎደለበትም።

ግን ቀኑን የሚጠብቀው ለሌላ ነገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ሻለቃው ይመጡና የቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ሲጫወቱ መከባበር የለም። ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ "ሰረቅህ፣ አልሰረቅሁም" ይባባላሉ። ተሸንፎ የገባ ቀን አባቴ ራት ላይ አይናገርም። በማግሥቱ ግን ከሁሉም ቀድሞ ይነሣል።

ሻለቃው አረፉ። ከቀብሩ ከወራት በኋላ አባቴን ላጫውተው ብዬ ተቀመጥኩ። ፊቱ ጭር ብሎ ሳየው አሳዘነኝና አውቄ ተሸነፍኩለት። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሲያስተምር ተማሪ ሲኮርጅ እያየ የኖረ ሰው ነው፤ ወዲያው ገባው። ቆርኪዎቹን ሰብስቦ በፌስታል ቋጠረና "ተወው ልጄ" አለኝ። ከዚያ በኋላ አላወጣቸውም።

ያን ቀን የሠራሁት ጥፋት ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ፣ የአንጋፋዎችን ቴኒስ ታሪክ ሳነብ ነው። እስኪ ታሪኩን ልንገራችሁ።

◆ ከንጉሡ እስከ ዋንጫው

ሽማግሌ ቴኒስ ሲጫወት ማየት ድሮም የነበረ ነው። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታፍ አምስተኛ "ሚስተር ጂ" በሚል የተሸፈነ ስም በውድድር ይገቡ ነበር፤ ሰማንያ ካለፋቸውም በኋላ ከሜዳ አልጠፉም። ግን ንጉሥ የሚጫወትለት አያጣም። ተራው ሰው ግን 45 ዓመት ሲሞላው፣ ወይ የ22 ዓመት ጎረምሳ ጋር ገብቶ ይዋረዳል፣ ወይ ራኬቱን ይሰቅላል።

በ1958 ዱብለር ካፕ የሚባል ዋንጫ ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ወጣቶቹ ከ1900 ጀምሮ አገር ከአገር የሚጋጠሙበት ዴቪስ ካፕ አላቸው፤ ዕድሜያቸው ከ45 በላይ የሆኑ ወንዶችም የራሳቸው ይኑራቸው። ገንዘብ የለውም፤ ዋንጫና የአገር ስም ብቻ። ከዚያ በኋላ የ55፣ የ60፣ የ65 ዋንጫ እያለ ቀጠለ። የሴቶቹ ዘግይቶ ጀመረ፤ ዛሬ ግን ከወንዶቹ ጎን ለጎን ይሄዳል። በ1981 በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ የመጀመሪያው የዓለም የአንጋፋዎች ሻምፒዮና ተካሄደ። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ነገሩን በእጁ አስገባና በዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ ውድድሮች ያሉት ትልቅ ዙር አደረገው።

አሠራሩም ቀላል ነው። በዓለም ሻምፒዮናው በአንደኛው ሳምንት አገሮች በቡድን ይጋጠማሉ፤ አንድ ግጥሚያ ሁለት የነጠላና አንድ የጥንድ ጨዋታ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ እያንዳንዱ ለራሱ ይወጣል። በዕድሜ የገፉት ምድቦች ላይ አንድ ለአንድ ከወጡ ሦስተኛውን ዙር ሙሉውን አይጫወቱም፤ በሁለት ልዩነት መጀመሪያ 10 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል። ለጉልበት ታስቦ ነው። ሌላው ሁሉ ያው ነው፤ ሜዳው አይጠብም፣ መረቡም አይወርድም።

◆ የአምስት ዓመቷ ብልሃት

እኔን የገረመኝ የዕድሜ ምድቡ ነው። 30፣ 35፣ 40 እያለ በየአምስት ዓመቱ እስከ 90 ይወጣል። አዎ፣ ከ30 ይጀምራል። እኔ 34 ዓመቴ ነው። በዚህ ስሌት አንጋፋ ከተባልኩ አራት ዓመት ሆኖኛል ማለት ነው፤ ገና ቤት እንኳ አልሠራሁም!

ምድቡ የሚቆጠረው በልደት ቀን ሳይሆን በዓመቱ ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ 75 የሚሞላው ሰው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የ75 ምድብ ተጫዋች ነው። አሁን ልብ በሉ። ባለፈው ዓመት በ70 ምድብ ውስጥ ትልቁ፣ ደካማው፣ ሁሉም የሚያሸንፈው እሱ ነበር። ዘንድሮ በ75 ምድብ ውስጥ ልጁ፣ ሯጩ፣ ሁሉም የሚፈራው ሆነ። በአንድ ሌሊት! ስለዚህ ሌላው ዓለም 75 ሲሞላው ሲያዝን እነዚህ ሰዎች 75 እስኪሞላቸው ቀን ይቆጥራሉ።

ይህች ትንሽ የሚመስል ሕግ ትልቅ ነገር አደረገች። ዕድሜን ቁልቁለት ከመሆን አወጥታ ደረጃ አደረገችው። ማንም ለማንም አዝኖ አይሸነፍም፤ ማንም ደግሞ ያለ አቻው አይዋረድም።

የዋንጫዎቹ ስሞች ራሳቸው ታሪክ ናቸው። የ60 ዓመቶቹ ወንዶች ዋንጫ በጀርመናዊው ጎትፍሪድ ፎን ክራም ስም ነው። ፎን ክራም ለናዚ ፓርቲ አባል አልሆንም ያለ፣ በ1938 መንግሥቱ ያሰረው ሰው ነው። በዊምብልደን ከ1935 እስከ 1937 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸንፏል። ተሸናፊን የሚያከብር ዋንጫ ስንት ቦታ አይታችኋል?

ከ55 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች የሚጫወቱበት ዋንጫ የሞሪን ኮኖሊ ነው። ኮኖሊ በ1953 አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በሚቀጥለው ዓመት ፈረስ ስትጋልብ አደጋ ደረሰባትና በ19 ዓመቷ ከቴኒስ ወጣች። በ34 ዓመቷ በካንሰር ሞተች፤ እኔ አሁን ባለሁበት ዕድሜ ማለት ነው። 55ን ሳታይ የሞተች ልጅ ስሟ በ55 ዓመት ሴቶች ዋንጫ ላይ ተቀርጿል።

የ80 ዓመቶቹ ወንዶች ዋንጫ ደግሞ የአሜሪካዊው ጋርድናር ሙሎይ ነው። ሙሎይ በ1957 ከባጅ ፓቲ ጋር ሆነው የዊምብልደንን የጥንድ ዋንጫ ሲያነሡ 43 ዓመታቸው ነበር። ከዚያም በኋላ በአንጋፋዎች ውድድር ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲያሸንፉ ኖረው በ2016 በ102 ዓመታቸው አረፉ። ዶዶ ቼኒ የሚባሉ ሌላ አሜሪካዊት አሉ። በ1938 የአውስትራሊያን ሻምፒዮና አሸነፉ፤ ከዚያ በኋላ በአንጋፋዎች ምድብ የሰበሰቧቸው የአሜሪካ ብሔራዊ ዋንጫዎች ወደ 400 ይጠጋሉ። የአንገት ዶቃቸውን ሳያወልቁ ነበር የሚጫወቱት። በ98 ዓመታቸው ነው ያረፉት።

◆ ገንዘቡ የሄደበት መንገድ

እዚህ ላይ ሌላ መንገድም እንደነበረ መናገር አለብኝ። በ1968 ቴኒስ ለባለሙያዎች ክፍት ሲሆን ገንዘብ ገባ። ነጋዴዎቹም "የድሮ ጀግኖችን ሰው ከፍሎ ያያቸዋል" ብለው አሰቡ። አስተሳሰባቸው መሠረት ነበረው። በ1969 በዊምብልደን የ41 ዓመቱ ፓንቾ ጎንዛሌዝ የ25 ዓመቱን ቻርሊ ፓሳሬልን ለሁለት ቀን ታግሎ፣ 112 ጌም በፈጀ፣ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ በወሰደ ጨዋታ አሸንፎታል። በ1974 ኬን ሮዝዎል በ39 ዓመቱ የዊምብልደንም የአሜሪካም ፍጻሜ ደርሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ጂሚ ኮነርስ አንኮታክቶ ቢያሸንፈውም።

በ1973 አል ቡኒስ የሚባል የሲንሲናቲ ባለሀብት ከ45 ዓመት በላይ የሆኑ የቀድሞ ሻምፒዮኖችን ሰብስቦ "ግራንድ ማስተርስ" የሚባል ዙር ጀመረ። ፍራንክ ሴጅማን፣ ጎንዛሌዝ፣ ሴጉራ ነበሩበት። በ1993 ያው ኮነርስ በተራው አንጋፋ ሆነና የራሱን ዙር ከፈተ፤ ቦርግና ማኬንሮ ገቡበት። በ2005 ደግሞ ጂም ኩሪየር ሌላ ጀመረ።

እነዚህ ዙሮች አንዱ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፣ ሌላው ይተካል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚሸጡት ትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ የሚቆየው የሚያስታውስ ሰው እስካለ ድረስ ነው። ጎንዛሌዝን ያየ ተመልካች ሲያረጅ ጎንዛሌዝን ለማየት የሚከፍል ይጠፋል።

ከ1958 ጀምሮ የመጣው ያ ገንዘብ የሌለው መንገድ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ እንዲያውም ሰፋ። ተመልካች አልነበረውም፤ ስለዚህ ተመልካች ሲሄድ የሚሞትበት ምክንያት አልነበረም። ተጫዋቹ ራሱ ነው ባለጉዳዩ። የመመዝገቢያውን፣ የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉን ከኪሱ ከፍሎ ይመጣል። የሚፈልገው ጭብጨባ ሳይሆን መረቡን ተሻግሮ ኳሱን የሚመልስለት ሰው ነው።

◆ የአልቲያ ዋንጫ

ይህን ስል ነገሩን ከመጠን በላይ እንዳላሳምረው እፈራለሁ። "ከኪሱ ከፍሎ" የሚለው ቃል ላይ ቁሙ። ኪሱ ባዶ የሆነስ?

ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ዋንጫ በአልቲያ ጊብሰን ስም ነው። ጊብሰን በ1927 በደቡብ ካሮላይና ከድሃ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደች፤ ያደገችው ሃርለም ነው። በ1956 ፈረንሳይ ላይ፣ በ1957 እና በ1958 ዊምብልደንና አሜሪካ ላይ አሸነፈች። ከታላላቆቹ ውድድሮች አንዱን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው እሷ ናት፤ ከወንድም ከሴትም። ግን ያን ጊዜ ቴኒስ ለአሸናፊ ገንዘብ አይሰጥም። ኑሮዋን ለመግፋት ከሃርለም ግሎብትሮተርስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ጨዋታ በፊት ሕዝብ ለማዝናናት ተጫወተች፤ ቆይታም ጎልፍ ገባች።

በስተርጅና ታመመች፤ ለሕክምናና ለኑሮ የሚሆን አጣች። የደረሰችላት የድሮ የጥንድ አጋሯ እንግሊዛዊቷ አንጄላ በክስተን ናት፤ ለቴኒስ ወዳጆች ጥሪ አስተላልፋ ከየአገሩ ገንዘብ ተዋጣላት። ጊብሰን በ2003 አረፈች። በአሜሪካ ኦፕን ግቢ ሐውልቷ የቆመው በ2019 ነው።

አስቡት እንግዲህ። በስሟ የተሰየመው ዋንጫ ላይ ለመጫወት የሚሄዱት ሴቶች ቲኬት መቁረጥ የሚችሉ ናቸው። ባለስሟ ግን በዚያ ዕድሜዋ ኪራይና መድኃኒት ነበር የቸገራት። የአንጋፋዎች ቴኒስ ውብ ነገር ነው፤ ግን የተገነባው ጥሩ ጡረታ ባለበት፣ ክለብ በየሰፈሩ ባለበት፣ ቪዛ በማያስቸግርበት ዓለም ላይ ነው። ይህን ሳያነሡ ማድነቅ ግማሽ እውነት ነው።

◆ ጥናቱስ?

"ለጤና ጥሩ ነው" የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። ግን በ2018 የወጣ አንድ የዴንማርክ ጥናት ከዚያ ያለፈ ነገር ይነግረናል። በኮፐንሃገን ከ8,500 በላይ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ተከታትለው፣ ስፖርት ከማይሠሩት ጋር አነጻጽረው የዕድሜ ልዩነቱን አሰሉ። ቴኒስ የሚጫወቱት በ9.7 ዓመት፣ ባድሜንተን በ6.2፣ እግር ኳስ በ4.7 ይበልጣሉ። ብስክሌት 3.7፣ ዋና 3.4፣ ሶምሶማ ሩጫ 3.2 ነው።

ቴኒስ የሚጫወት ሰው ከመነሻው ኑሮው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ መድኃኒት ማዘዣ አትውሰዱት። ቅደም ተከተሉን ግን እዩት። ከላይ ያሉት ሦስቱ ያለ ሌላ ሰው የማይሆኑ ናቸው። ከታች ያሉት ብቻህን የምትሠራቸው ናቸው። አጥኚዎቹም ከሰው ጋር መገናኘቱ ሳይረዳ እንዳልቀረ ገምተዋል። እኔ ደግሞ የአባቴን ፌስታል ውስጥ የተቋጠሩ ቆርኪዎች አሰብኩ።

◆ ወደ እኛ ስመለስ

እኛ ሽማግሌ የምናከብር ሕዝብ ነን። እውነት ነው፤ በዚህ ማንም አይበልጠንም። ብድግ ብለን ወንበር እንለቃለን፣ ጉልበት ስመን እንመረቃለን። ግን ክብራችን ውስጥ አንድ የተደበቀ ፍርድ አለ፤ "አንተ ጨርሰሃል" የሚል። ሽማግሌን ሁልጊዜ እናስቀምጠዋለን። ሁልጊዜ እሺ እንለዋለን። ሲሳሳት አንከራከረውም። ስንጫወት እንሸነፍለታለን። ይህን ሁሉ የምናደርገው በፍቅር ነው፤ ግን እየደጋገምን የምንነግረው አቻ አይደለህም የሚለውን ነው።

ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ማራቶን ሲያሸንፍ 36፣ በሙኒክ ነሐስ ሲያመጣ 40 ዓመቱ ነበር። ያን ታሪክ ስናወራ በኩራት ነው። ለአባቶቻችን ግን 60 ሲሞላቸው "አረፍ በሉ" እንላለን። ማሞን ማን አረፍ አለው?

እዚህ አገር ቴኒስ ጥቂት ክለቦችና ሆቴሎች ውስጥ የታጠረ ነው። ስለዚህ "ለአረጋውያን የቴኒስ ሜዳ ይሠራ" ብዬ አልቀልድም። የምለው ሐሳቡን እንውሰድ ነው። ሐሳቡ ሜዳ አያስፈልገውም። አቻ መፈለግ ነው፤ ከዚያም አለማዘን። ዳማ ይሁን፣ ገበጣ ይሁን፣ ቼዝ ይሁን፣ የዕድር አባላት በየዕድሜያቸው ተከፋፍለው የሚጋጠሙበት አንድ ቅዳሜ ይሁን። ዕድራችን ሰው ሲሞት ለመሰብሰብ የሚበቃ አደረጃጀት ካለው፣ ሳይሞት ለመሰብሰብ ምን ያንሰዋል?

የአባቴን ነገር ልጨርስላችሁ። ከሰፈራችን ሁለት መንገድ አልፎ አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ እንዳሉ ሰማሁና ሄጄ ለመንኳቸው። "ይቅለኛል፣ ላሸንፋቸው ነው ወይስ ላጫውታቸው?" አሉኝ። "ከቻሉ ያሸንፉት" አልኳቸው።

ባለፈው ሳምንት መጡ። አባቴ ፌስታሉን ሲፈታ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስት ጨዋታ ተጫወቱ፤ አባቴ ሦስቱንም ተሸነፈ። ተናዶ ገባ፣ ራት ላይ ቃል አልተነፈሰም። እናቴ "ምን ሆነህ ነው?" ብትለው እንኳ አልመለሰም።

በማግሥቱ ጠዋት ስነሣ በረንዳው ላይ ነበር። ወንበሩ ላይ ሳይሆን መሬት ተቀምጦ፣ ቆርኪዎቹን ደርድሮ፣ የትላንቱን ጨዋታ የት እንደተሳሳተ ይፈልጋል።